በሁለተኛው እትም ይታረማል

ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጋሼ እዚህ ኖርዌይ፣ ማዮርስቱን ሰፈር ወዳለው ማተሚያ ቤታችን ገቡ። ጋሼ የምላቸው የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ነው። ዘመዴ አይደሉም፤ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሌላ መጠሪያ ሰጥቻቸው አላውቅም። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ሲዲ አወጡና በሁለት እጃቸው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ «መዝሙር፣ የመጨረሻው» የሚል ተጽፎበታል።

«ይኸውልሽ» አሉ። «ሁለት ክረምት ሙሉ ኩሽና ውስጥ ተቀምጬ የተየብኩት ነው። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም።»

«ተወልጄ ነበር» አልኩ።

«ምን አልሽ? አይ አንቺ ልጅ! ኳየር ውስጥም እንዲሁ ነሽ። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅሽን ግን ጌታ ብቻ ነው የሚሰማው።»

ሳቅኩ።

መጽሐፉን እዚህ ያደግን ሁላችን እናውቀዋለን። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መዝሙሮች አሉት፣ በየገጹ አንድ። የመዝሙሩ ቁጥርና የገጹ ቁጥር አንድ ነው፤ እሑድ መሪው ቁጥር ሲጠራ የሁሉም እጅ ወደ ገጹ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታተመው። አሁን ቅጂዎቹ ጀርባቸው ተገንጥሏል፣ አንዳንዱ በፕላስተር ታስሯል፣ ለአዲስ መጪ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ጉባኤው ለምሥረታ በዓሉ እንደገና ይታተም ሲል ሰዎች ዞረው አዩኝ። እኔ የምሠራው ፋይሎች ወደ ማተሚያው ከመውረዳቸው በፊት በሚታዩበትና በሚስተካከሉበት ክፍል ነው። «ያ» አልኩ፣ በኖርዌጂያንኛ አዎ ማለት ነው፤ እኛ ልጆቹ አማርኛ ስናወራ እንኳ አዎ ማለት ትተናል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ናይ»፣ አይሆንም፣ ማለት ከሥራው ይልቅ ይከብደኝ ነበር። ማተሚያው የተያዘልን ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ያ ካለፈ በዓሉ አልፎ ነው ተራ የምናገኘው።

ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉ፣ መልሰው ፈቱ፣ መልሰው ቆለፉ።

«አንዲት እርማት አለችኝ» አሉ። «አንዲት ብቻ። በሁለተኛው እትም ይታረማል፣ በሁለተኛው እትም ይታረማል ስል ይኸው አረጀሁ። እሷ ሳትታረም መጽሐፉ እንዳይወጣ።»

«ምንድን ናት?»

«በቁም የምትነገር አይደለችም። ነገ ፕሩፉን ልፈርም ስመጣ አሳይሻለሁ።»

ፕሩፍ የምንለው ከኅትመቱ በፊት ደንበኛው አይቶ የሚፈርምበትን ናሙና ነው። ደንበኛ ካልፈረመ ወደ ማተሚያው የሚወርድ ነገር የለም። የተረሳች ነጥብ ወይም የተዘለለች ስንኝ ትሆናለች ብዬ ገመትኩ። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ የሆነ ጥሩ ነገር ልበላቸው ብዬ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ «ሰማንያ ሰባተኛውን መዝሙርዎን በጣም ነው የምወደው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ትንሽ ቆሙ። «ጌታ ይባርክሽ» አሉና በሩን ገፍተው ወጡ።

ሲዲውን ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩት። ገጾቹ አሉ፣ የስንኞቹ ርዝመት አለ፣ ቁጥሮቹ በቦታቸው ናቸው፤ አማርኛው ግን የለም። በእሱ ፈንታ የላቲን ፊደላት፣ ቅንፎችና የዶላር ምልክቶች ተደርድረዋል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በዚያ ዘመን አማርኛ ኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቦታ አልነበረውም። ፎንት የሚሠሩ ሰዎች ፊደላችንን በላቲኑ ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ሲኖር ፊደሉ ይታያል፤ ሲጠፋ ባዶው ወንበር። የጋሼ ፎንት እዚያው ሲዲ ላይ ነበር፤ ነገር ግን አሮጌ ዓይነት ነው፣ አዲሶቹ ፕሮግራሞችም ያንን ዓይነት አንቀበልም ካሉ ቆይተዋል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ያው ቅንፍና ዶላር።

ምድር ቤት ውስጥ ግን አንድ አሮጌ ማሽን ነበረን። የድሮ ደንበኞች የድሮ ፋይል ይዘው ሲመጡ የምንከፍተው በእሱ ነው። ሲነሣ ያቃስታል፣ ሲሠራ ይንጫጫል፣ ያልተቀበለው ፋይል ግን አላየሁም። ወረድኩ። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ የአለቃዬ ጽሕፈት ነው። «ዛሬ ለመልሶ መጠቀሚያ ይወሰዳል» ይላል፣ ሰዓቱም ከሥሩ ተጽፏል። በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ተኩል። ሰዓቴን አየሁ። ለአሥር ሃያ ጉዳይ ነው።

ማሽኑን አስነሣሁት። ሲዲውን እያጉረመረመ ዋጠ። ከዚያ ገጽ አንድ ተከፈተ፤ አማርኛ፣ ቀጭኑና ትንሽ ያዘመመው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የመጽሐፋችን ፊደል። ደስ ብሎኝ ብቻዬን «ኦ!» አልኩ።

ቀላሉ ነገር ወደ ላይ ወጥቶ አለቃዬን «አንድ ቀን ይቆይልኝ» ማለት ነበር። ወጣሁም። አለቃዬ ቢሮዋ መስታወት ነው፤ ስልክ ላይ ነበረች። አየችኝና ሁለት ጣት አሳየችኝ፣ ሁለት ደቂቃ ማለቷ ነው። በሩ አጠገብ ቆሜ የምናገረውን በኖርዌጂያንኛ አዘጋጀሁ። ትዕዛዝ መሰለብኝ፣ አለሳለስኩት። ሲለሳለስ ረዘመብኝ፣ አሳጠርኩት። ሁለቱ ደቂቃ አምስት ሆነ። አንድ የሥራ ባልደረባ መጥቶ ከኋላዬ ተሰለፈ፤ ያን ጊዜ «አይ፣ አንተ ግባ» ብዬው ወደ ምድር ቤት ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ጥንቃቄ ነው ብዬ ነው ያደረግኩት። ፊደሉን ሁሉ ወደ ሥዕል ቀየርኩት። በሥራችን የታወቀ መንገድ ነው፤ ፎንቱ የማያስተማምን ሲሆን እያንዳንዱን ፊደል ወደ ቅርጹ መስመር እንለውጠዋለን። ከዚያ ወዲያ ፎንት አያስፈልገውም፣ የትም ማሽን ላይ ሳይዛነፍ ይታተማል። ዋጋው አንድ ነው። ጽሑፍ መሆኑ ይቀራል። አይፈለግም፣ አይቀዳም፣ አይታረምም። «ሰ» የነበረው ከዚያ በኋላ ሁለት እግር ያለው ሥዕል ነው። ሌላም መንገድ ነበር፤ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አስሮ መላክ። ግን አንድ ጊዜ የፕሌት ማሽናችን፣ ማተሚያው ላይ የሚገጠመውን ሰሌዳ የሚያወጣው፣ እንዲህ ያለ አሮጌ ፎንት ዝም ብሎ ዋጠና ባዶ ገጾች ሰጥቶናል። እሱን ፈራሁ።

ስለ እርማቷ አላሰብኩም ማለት ግን አልችልም። መቶ አርባኛው ገጽ አካባቢ ስደርስ ትዝ አለችኝ። ደውዬ «ጋሼ፣ ምን ነበር የሚታረመው?» ልላቸው ስልኬን አወጣሁ። ትልቅ ሰው «በቁም አይነገርም» ያለውን በስልክ ንገሩኝ ማለት ድፍረት መሰለኝ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ነጥብ ከሆነች ነጥብ መሳል አያቅተኝም።

የመጨረሻው ገጽ ሲያልቅ ሁለት ሰዎች ባለ ጎማ ጋሪ እየገፉ ገቡ። አለቃዬም ከኋላቸው። «ደህና ሁን» አለችው ማሽኑን፣ ጫፉን መታ መታ እያደረገች። «አብረን ጡረታ እንወጣለን ብዬ ነበር፣ ቀደመኝ።» ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ገመዱ ሲነቀል ስክሪኑ ላይ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበር።

ወደ ቶየን የሚወስደኝን ባቡር ስጠብቅ መቆም አልቻልኩም። ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለስኩ። ሥራዬ አልቋል፣ መጽሐፉ ተርፏል፣ ማረፍ ነበረብኝ። ግን አንዲት እርማት፣ አንዲት ብቻ፣ እያለ ይነዘንዘኛል። ቤት ገብቼም በላሁ፣ ሳህን አጠብኩ፣ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ ጋሼ መጡ። የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ፕሩፉን፣ ገና ያልተጠረዙትን ገጾች፣ ፊታቸው አደረግኩላቸው። ከመጀመሪያው ገጽ አልጀመሩም። አውራ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ አድርገው በቀጥታ ሰማንያ ሰባትን አወጡ።

«እዚህ ጋ» አሉ።

ጣታቸው ያረፈው ግርጌው ላይ ነው። በየገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ግጥምና ዜማው የማን እንደሆነ ይጻፋል። ሰማንያ ሰባት ላይ ያለው የእሳቸው ስም ነው።

«የኔ አይደለም» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። የእሳቸው መዝሙር ነው። ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም «የጋሼ መዝሙር» ነው የሚባለው።

«ገጽ አንድ የኔ ነው፣ እሱን እኔ ጽፌዋለሁ» ብለው ቀጠሉ። «ስተይብ ገጽ አንድን እገለብጥና በላዩ ላይ ሌላውን መዝሙር እጽፋለሁ። ቁጥሩን እቀይራለሁ፣ ግጥሙን እቀይራለሁ፣ መጨረሻ ስሙን። ሰማንያ ሰባት ላይ ስሙን ሳልቀይር አለፍኩ። ስንቴ አንብቤዋለሁ! ግጥሙን እንጂ ግርጌውን ማን ያነባል?»

የመዝሙሩ ባለቤት ማን እንደሆነች ነገሩኝ። አውቃታለሁ። የኳየሩ የመጀመሪያ ዘማሪ የነበረች፣ ዕድሜዋን ሙሉ በአረጋውያን መኖሪያ ሌሎችን ስታጥብና ስታበላ የኖረች ሴት ናት። አሁን እሷ ራሷ ሊንደበርግ በሚገኝ ሲከየም፣ ያው በአረጋውያን መኖሪያ፣ ትኖራለች።

«ያኔውኑ አየችው» አሉ። «መጽሐፉ የወጣ እሑድ። ተሸማቅቄ ሄጄ ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ተወው ወንድሜ፣ ለጌታ ነው የጻፍኩት፣ ጌታ የማን እንደሆነ አይጠፋውም።› እኔም በሁለተኛው እትም ይታረማል አልኳት። በሚቀጥለው እሑድ ሰዎች አመሰገኑኝ። የዚያን ቀን የኔ አይደለም ብል ሰው ስቆ ያልፈው ነበር። አላልኩም። ወር ሲሆነው ከበደኝ። ዓመት ሲሞላው ስለ መዝሙሩ ምስክርነት እንድሰጥ ከሌላ ከተማ ጠሩኝ። ሄድኩ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ትናንት አንቺም አመሰገንሽኝ።»

ጆሮዬ ጋለ። ለማን እንዳፈርኩ አላውቅም።

«ስለዚህ ስሟን ጻፊልኝ» አሉ። «የኔን አጥፊና የሷን ጻፊ። ይኸው ነው።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ማሽኑ መሄዱን፣ ፊደሉ ሥዕል መሆኑን፣ ጠቋሚውን አስቀምጬ የምጽፍበት ቦታ አለመኖሩን ነገርኳቸው። ዛሬ ባለን ፎንት ብጽፈው ወፍራምና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ግርጌ የሷ ብቻ ዘግይቶ እንደመጣ እንግዳ ለብቻው ይቆማል። «ትናንት መደወል ነበረብኝ» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ትከሻቸው ወረደ፣ ፊታቸው ላላ፣ እስትንፋሳቸው ረጅም ሆነ። እፎይታ ነበር። ያን ፊታቸውን አሁንም አየዋለሁ።

«እንግዲህ ጌታ አልፈቀደም» አሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ምን ይደረጋል። ልጅቱ ምን ታድርግ፣ ማሽኑ ሄዷል። በሚቀጥለው እትም…» እስክሪብቶውን አነሡ።

የሚፈርሙት በእኔ ስህተት ላይ ነው። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቃቸው፣ ራሳቸውም ራሳቸውን ቢጠይቁ፣ መልሱ እኔ ነኝ። ሊንደበርግ ያለችው ሴት ደግሞ የሚቀጥለውን እትም አትጠብቅም።

«አይፈርሙ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አይፈርሙ!» በዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ፕሩፉንም ከእስክሪብቶው ሥር ሳብኩት፤ ትልቅ ሰው እጅ ላይ ያለ ነገር መንጠቅ ነውር መሆኑን እያወቅኩ።

ወደ መስታወቱ ቢሮ ሄድኩ። አለቃዬ ስልክ ላይ ነበረች። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ስልኩን በእጇ ሸፈነችው።

«ለነገው መጽሐፍ አንድ ስም መቀየር አለብኝ» አልኳት። «ዛሬ ሌላ ሥራ አልነካም።»

«በአሮጌው ማሽን ያለቀ አልነበረም እንዴ?»

«ፊደሉን ወደ ሥዕል ቀይሬዋለሁ። ማሽኑን አንድ ቀን አቆዪልኝ ልልሽ መጥቼ ነበር።»

«ለምን አላልሽም?»

«ስልክ ላይ ነበርሽ።»

«እኔ ሁልጊዜ ስልክ ላይ ነኝ!» አለች። «አንድ ቃል ብትዪኝ ጋሪውን መልሼ እሰደው ነበር። በይ ሂጂ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ፕሌቱ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ እኔም ልረዳሽ አልችልም።»

ያሰብኩት ያረጀ ዘዴ ነው። ፊደሉ ሥዕል ከሆነ ሥዕሉን ከሌላ ገጽ ቆርጦ ማምጣት፤ የድሮ አታሚዎች የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እየለቀሙ እንደሚደረድሩት። ግን ከመዝሙሩ አካል ወስጄ ባሳንሰው ይቀጥናል። ልክ የሚሆነው ከግርጌዎቹ፣ ከሌሎች ሰዎች ስም ውስጥ የተወሰደ ብቻ ነው። መፈለጊያ የለም፤ ጽሑፍ አይደለማ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ግርጌ በዓይን ማየት ነው።

ወንበር ስቤ ጋሼን አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። እምቢ አላሉም፣ ደስም አላላቸውም። ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ መልሰው ይፈታሉ። የመጀመሪያውን ፊደል ስፈልግ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

«አርባ ሦስትን ክፈቺ» አሉ በመጨረሻ። «የጸሐፊው አባት ስም ውስጥ አለ።»

ከፈትኩ። አለ። ቆረጥኩት፣ ሰማንያ ሰባት ላይ አኖርኩት።

«ቀጣዩ መቶ ሁለት ላይ። ያ ሰውዬ ስሜን በደቃቁ ጻፍክ ብሎ አኩርፎብኝ ነበር፣ አሁን ጠቀመ።» ሳቅ አሉ። «መቶ ስድሳን እይ… አይ፣ መቶ ስድሳ አንድ።»

ጽሑፉን በቃላቸው ያውቁታል። እጃቸው የሠራውን ሁሉ ያስታውሳሉ። እየቆየ ኮታቸውን መነካካት ተዉ። እኔ ግን መነካካት አልተውኩም። ፊደሎቹን በጠባብ በጠባብ ገፋኋቸው፣ መልሼ አራቅኋቸው፣ አትሜ በማጉያ መነጽር አየኋቸው፣ እንደገና ነካካኋቸው። አንድ ፊደል አጣን። የሌሎቹን ሰዎች ግርጌ ሁሉ ሁለት ጊዜ ዞርን፤ የለም።

«ከኔ ውሰጂ» አሉ። «እዚያው ከምታጠፊው ስም ላይ። እኔም ከሷ ወስጃለሁ።»

ወሰድኩ። የቀረውን አጠፋሁ።

አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ያቺን አንዲት ገጽ አትሜ ሰጠኋቸው። ከዓይናቸው አራቁ፣ አቀረቡ። ለረጅም ጊዜ አነበቧት። ከዚያ ፕሩፉ ላይ ፈረሙ፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳው ተጭነው።

ከማዮርስቱን አንድ ባቡር ነው የምንይዘው። እኔ ቶየን እወርዳለሁ፣ እሳቸው ብዙ ጣቢያ አልፈው ሊንደበርግ ይሄዳሉ። ገጿን አላጠፏትም፤ እንዳትጨማደድ በሁለት እጃቸው ይዘዋታል፣ ስለዚህ ባቡሩ ሲታጠፍ መያዣ የላቸውም፣ እኔ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አብረሽኝ ብትመጪ?» አሉ።

መሄድ ፈለግኩ። ፊቷን ማየት ፈለግኩ። «እርስዎ ብቻዎን ነው መሄድ ያለብዎት፣ ጋሼ» አልኩ።

«ምን እላታለሁ?»

«ለኔ እንዳሉኝ።»

«ለአንቺማ ቀለለኝ። አንቺ ለሰው አትናገሪም።»

«እሑድ ግን ለጉባኤው ይናገራሉ?»

ገጿን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ቶየን ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ። ስወርድ ሌላ ሰው መቀመጫውን ለቀቀላቸው። ባቡሩ ሲሄድ በመስኮቱ አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይለማመዱ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሁሉም ሰው በፊት ቢሮ ገባሁ። ሰማንያ ሰባትን እንደገና በማጉያ አየሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ፋይሉን ወደ ፕሌት ላክሁ። ከዚያ መሄጃ አጣሁ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ መስኮት ጋ ሄድኩ። ሊንደበርግ ምን እንደተባለ አላውቅም፤ ማወቅም የኔ አልነበረም። የኔ የነበረውን ግን አውቀው ነበር። ዛሬ የሚታተመው መጽሐፍ ያማረ ሥዕል ነው፤ ነገ አንድ ሰው መጥቶ ይህ የኔ ነው ቢል፣ ወይም ይህ የኔ አይደለም ቢል፣ የሚታረምበት ቦታ የለውም። የተገነጠለውን የኔን ቅጂ ከቦርሳዬ አወጣሁና ከኪቦርዱ አጠገብ በስቴፕለር ደግፌ አቆምኩት። ማንኛውም ኮምፒውተር በሚያነበው የዛሬ ፎንት መዝሙር አንድን መተየብ ጀመርኩ። ግርጌውን መጀመሪያ ጻፍኩ፣ የጋሼን ስም። ሲያልቅ ገጹን አልገለበጥኩም፤ ለሁለተኛው መዝሙር አዲስ ባዶ ገጽ ከፈትኩ፣ ለሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ላይ ሳለሁ ከታች ማተሚያው መሥራት ጀመረና ጠረጴዛዬ ተንቀጠቀጠ። መጽሐፉ እንዳይወድቅ በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ቀጠልኩ።